የልጆቻችን የጥርስ ሽፋን በብሩሽ ያልቃል ወይ?

በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ክፍል ተነሥቶ ስለ ጥርስ ይናገራል ብላችሁ እንዳልጠበቃችሁ እናውቃለን። እኛም አልጠበቅንም ነበር። ነገር ግን ለመጪው ዓመት ባዘጋጀነው የበጀት ረቂቅ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጥያቄ ያስነሣው የብድር ወለዱ ወይም የቢሮ ኪራዩ ሳይሆን «የልጆች መንጋጋ ጥርስ ሽፋን» የሚለው አንድ መስመር ነው። ጥያቄው ከሁለት ወገን መጣ። ከእናቶች በኩል «ሽፋኑን ብሩሽ ይፍቀዋል አሉን፤ ልጆቹ መቦረሹን ይተዉ እንዴ?» የሚል። ከደጋፊዎች በኩል ደግሞ «በብሩሽ የሚያልቅ ከሆነ በየዓመቱ እንደገና ልንከፍልበት ነው? በዚሁ ገንዘብ ለልጆቹ ብሩሽ ብንገዛስ?» የሚል። ሲታይ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። አንዳንድ ቤት ውስጥ ብሩሹ ከቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሎ ልጆች ሳይቦርሹ እንደሚያድሩ ስንሰማ፣ መልሱን ለጉባኤው ለማቅረብ ወሰንን። የጥርስ ባለሙያዎችን ጠይቀናል፤ የተጻፈውን አንብበናል፤ ከዚያ እንደ ልማዳችን ቁጭ ብለን አስልተናል።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። ሲላንት የሚባለው ሽፋን በመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ገጽ ላይ ያሉትን ስንጥቆች የሚደፍን ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል። ባለሙያዋ ጥርሱን ታጸዳለች፤ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ቅባት ለጥቂት ሰኮንዶች ትቀባለች፤ በውሃ ታጥባለች፤ ፈጽሞ እስኪደርቅ በአየር ትነፋለች፤ ከዚያ ፈሳሹን ስንጥቁ ውስጥ አስገብታ በሰማያዊ ብርሃን ታጠነክረዋለች። መርፌም መሰርሰሪያም የለም። አሲዱ የጥርሱን ገጽ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ሸካራ ያደርገዋል፤ ፈሳሹም ሸካራው ውስጥ ገብቶ ሲጠነክር ሥር እንደ ሰደደ ይይዛል። ግድግዳ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት እንደሚፈገፈገው ማለት ነው። ምሳሌው የእኛ ብቻም አይደለም። ዘዴውን በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ቡኦኖኮር ሐሳቡን የወሰደው፣ ቀለም ብረት ላይ በደንብ እንዲይዝ ብረቱን በአሲድ ከሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ነው።

«ፈጽሞ እስኪደርቅ» ያልነውን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

አሁን ደጋፊዎቻችን ወዳነሡት «ብሩሽ ብንገዛስ» ወደሚለው እንምጣ። ብሩሽ እንገዛለን፤ በበጀቱም ውስጥ አለ። ግን ብሩሽ ሽፋኑን አይተካም። የብሩሽ አንዲት ፀጉር ውፍረቷ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ የመንጋጋ ስንጥቆች ደግሞ ከዚያ የጠበቡ ናቸው። ልጁ የቱንም ያህል ተግቶ ቢቦርሽ ፀጉሯ አፋፉ ላይ ታልፋለች እንጂ ታች አትደርስም፤ የስኳሩና የዳቦው ፍርፋሪ፣ ባክቴሪያውም እዚያ ታች ተኝቶ ይቆያል። በልጆች ቋሚ ጥርስ ላይ ከሚደርሰው መቦርቦር አብዛኛው ከእነዚህ ስንጥቆች የሚነሣው ለዚህ ነው። ለመፋቂያም ያው ነው። የወይራውም የክትክታውም መፋቂያ የጥርሱን ገጽና የድዱን ጠርዝ በደንብ ያጸዳል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን አይገባም። በሌላ በኩል ሽፋኑ የሚጠብቀው የሚያኝከውን ገጽ ብቻ ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን፣ ከድድ ሥር ያለውን አያውቀውም። እዚያ ሥራው የብሩሽና የጥርስ ሳሙና ነው። ስለዚህ ሽፋኑን ለማዳን ብሎ ብሩሹን መስቀል፣ የፊት በር ተቆልፏል ብሎ የጓሮውን ከፍቶ ማደር ነው።

ወደ ዋናው እንሂድ። ብሩሽ ሽፋኑን ይፈቀፍቃል ወይ? አዎ፣ ይፈቀፍቃል። ምን ያህል የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

ይህን የሚለኩ ሰዎች ብሩሽ የተገጠመለት ማሽን አላቸው። የደረቀውን ሽፋን ቁራጭ ከሥሩ ያስቀምጣሉ፤ የጥርስ ሳሙና በውሃ በጥብጠው ያፈስሱበታል፤ ብሩሹ በተወሰነ ክብደት ተጭኖ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይመላለስበታል። ከዚያ ቁራጩ ስንት እንደሳሳ ወይም ክብደቱ ስንት እንደቀነሰ ይለካል። ብዙውን ጊዜ 10,000 ምልልስ እንደ አንድ ዓመት መቦረሽ ይታሰባል። እኛ ቁጥር ሳናመሳክር አናልፍምና አመሳከርነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚቦርሽ ሰው በዓመት 730 ጊዜ ይቦርሻል። 10,000 ለ730 ሲካፈል ወደ 14 ይመጣል። ብሩሹ አንድ ጥርስ ላይ በአንድ ጊዜ 14 ያህል ምልልስ ያደርጋል ማለት ነው። ይህ ረጋ ብሎ ለሚቦርሽ ሰው ልክ ነው። ትምህርት ቤት ረፈደብኝ እያለ ለሚቦርሽ የ7 ዓመት ልጅ ግን ብዙ ነው። በቀን አንዴ ብቻ የሚቦርሽማ በዚያው ትጋት እንኳ የማሽኑን አንድ ዓመት ለመድረስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል።

የሚገኘው ውጤት በጠቅላላው እንዲህ ነው። መሳሳቱ አለ፤ ግን በሚሊ ሜትር ሺኛ የሚቆጠር ነው። ደቃቅ የመስታወት ዱቄት የተቀላቀለበት ሽፋን ካልተቀላቀለበት ይልቅ መፈቅፈቅን ይቋቋማል። ግላስ አዮኖመር የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ከሬዚኑ ሽፋን ቶሎ ይሳሳል። ብሩሹ ከንጹሕ ውሃ ጋር ብቻ ሲመላለስ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው። የሚፈቀፍቀው ሳሙናው ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ነው።

ማሽኑ የሚቦርሸው ጠፍጣፋ ቁራጭ እንደሆነም አትርሱ። የልጅ መንጋጋ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ተራራና ሸለቆ አለው። ሽፋኑ ሲፈስ ዋናው ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ጥቂቱ ዳገቱ ላይ ተልጦ ይቀራል። ብሩሹም፣ ከላይ የሚገጥመው ጥርስም፣ የምንቆረጥመው ቆሎም መጀመሪያ የሚያገኙት ዳገቱ ላይ ያለውን ስስ ጠርዝ ነው። እሱ ያልቃል፤ ይላጣልም። ጥበቃውን የሚሰጠው ግን ሸለቆው ውስጥ ያለው ነው፤ የብሩሽ ፀጉር ስንጥቁ ውስጥ የማትገባበት ያ ጥበት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። «ከልጄ ጥርስ ላይ ተልጦ ወደቀ» ብላ ለመጣች እናት ባለሙያዋ አይታ «ዋናው አለ» የምትላት ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

በሒሳብ ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ የብሩሹ ነገር የእርጅና ቅናሽ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዎቻችን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንደሚያረጁት፣ የሚታወቅ፣ የሚገመት፣ ማንንም የማያስደነግጥ። የሽፋኑ ትልቁ ኪሣራ ግን በእርጅና አይመጣም። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በተለይ በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ነው የሚመጣው። ምክንያቱም ብሩሽ አይደለም፤ ምራቅ ነው።

«ፈጽሞ እስኪደርቅ» ያልነው እዚህ ነው። አሲዱ ከታጠበ በኋላ ፈሳሹ እስኪገባ ባለችው አጭር ጊዜ ምራቅ ጥርሱን ከነካው፣ ያ ሸካራ ገጽ ይዘጋል፤ ሽፋኑ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ አልያዘም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሙሉውን ተነሥቶ ይሄዳል። እናትየዋ ታየዋለች፤ ያን ሰሞን ልጁ ሲቦርሽ ነበርና ጥፋቱ በብሩሽ ላይ ይወድቃል። የ6 ዓመት ልጅ አፍ ደግሞ ለማድረቅ አስቸጋሪ ነው። ምላሱ አያርፍም፤ ምራቁ ብዙ ነው፤ መንጋጋው ገና በመውጣት ላይ ከሆነ ከኋላው የድድ ክዳን አለበት። አንድ ባለሙያ ብቻዋን ጥጥ ይዛ፣ መስታወት ይዛ፣ ብርሃን ይዛ፣ ልጅ እያባበለች ይህን በደንብ መሥራት ይከብዳታል። ረዳት ያስፈልጋታል። በረቂቁ ላይ «የረዳት ባለሙያ የቀን ክፍያ» የሚለውን አይታችሁ «ይህ ምንድን ነው፣ ይቀነስ» ያላችሁን ደጋፊዎች በትሕትና የምንመልስላችሁ ይህን ነው፤ ከመስመሮቹ ሁሉ የማይቀነሰው እሱ ነው።

በደንብ ከተሠራስ ምን ያህል ይቆያል? ሪቻርድ ሲሞንሰን የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ውጤቱን በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተመበት ጥናት አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ሽፋን ተደርጎላቸው የነበሩ ልጆችን ከ15 ዓመት በኋላ አየ። ከመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች 28 በመቶ ያህሉ ላይ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ነበረ፤ 35 በመቶ ያህሉ ላይ በከፊል። ሽፋን ካልተደረገላቸው ተመሳሳይ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የተቦረቦሩ ወይም የተሞሉ ጥርሶች ሽፋን በነበራቸው 31 በመቶ፣ ባልነበራቸው 83 በመቶ ሆነው ተገኙ። ያውም ብሩሽና የጥርስ ሳሙና በየቤቱ ባለበት አገር። ብሩሽ ሽፋን ጨራሽ ቢሆን ኖሮ በ15 ዓመት ውስጥ አንድም ባልተረፈ ነበር። እያንዳንዱ ሽፋን ይህን ያህል ይቆያል እያልን አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚለው፣ ሽፋኑ ለ2 ዓመት ከመቦርቦሩ 80 በመቶውን፣ እስከ 4 ዓመት ድረስ ደግሞ ግማሹን ይከላከላል ነው። ለበጀት የያዝነው ይህን ጥንቁቁን ቁጥር ነው። ስለዚህ «በየዓመቱ እንደገና ልንከፍል ነው?» ለሚለው መልሳችን፦ አይደለም። የምንከፍለው አንዴ ለመሥራት፣ ከ6 ወር በኋላ ለማየት፣ የወደቀ ካለ ለመመለስ ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ማየት ይበቃል።

ልጁ ለምርመራ ባይመለስስ? ቤተሰብ ቤት ይቀይራል፣ እናት ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ ልጁ ወደ አያቱ ይላካል፤ ይህ የምናውቀው ኑሮ ነው። ሽፋኑ ወድቆ የቀረ ጥርስ ከመጀመሪያውም ካልተሸፈነ ጥርስ የበለጠ አይቦረቦርም። የቆየበት ጊዜ ትርፍ ነው፤ ከወደቀ በኋላ ዕዳ አይተውም። ከስንት የማኅበር ሥራ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው!

ብሩሹን ነፃ አወጣነው ማለት ግን በጥርስ ላይ የሚፈተገውን ሁሉ ነፃ አወጣን ማለት አይደለም። የሚፈቀፍቀው ዱቄቱ ነው ብለናል። የጥርስ ሳሙና (እኛ ዘንድ ስሙ ምንም ይሁን ምን «ኮልጌት» የምንለው) ምን ያህል እንደሚፈቀፍቅ የሚለካበት መለኪያ አለ፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 250 ነው፤ ማነጻጸሪያው ዱቄት 100 ይሰጠዋል። ቁጥሩ በእሽጉ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ስለዚህ በደምሳሳው «ያነጣል» ተብሎ ከሚሸጠው ይልቅ ተራውን ፍሎራይድ ያለበትን መግዛት ይሻላል። ዋጋውም ይቀንሳል። የከሰል ዱቄት፣ አመድና አሸዋ ግን ማንም መጥኖ አላዘጋጃቸውም። ሽፋኑንም፣ ከሽፋኑ በላይ የሚያሳስበንን የጥርሱንም የላይኛ ንጣፍ ይፈገፍጋሉ።

ይህን በተለይ የምናነሣው ከወንጂ በኩል ላላችሁ እህቶቻችን ነው። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የብዙ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ አካባቢ ያሉ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ ያለፉ እንደነበሩ ለአሥርተ ዓመታት የታወቀ ነው። በልጅነቱ ያንን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል። ቡናማው ከላይ የተለጠፈ እድፍ አይደለም፤ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ ከደረሰበት ጉዳት የመጣ ነው። በከሰልም በአመድም አይለቅም። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ሲሰደቡ ማታ በከሰል ሲፈትጉ የሚያድሩት በከንቱ ነው፤ የሚያጡት ደኅናውን ንጣፍ ነው። እነዚህ ልጆች ሽፋን ይደረግላቸዋል፤ አይከለከሉም። ነገር ግን ፍሎራይድ የበዛበት ጥርስ ለአሲዱ ቶሎ ስለማይበገር ባለሙያዋ አሲዱን ረዘም አድርጋ ልታቆየው ትችላለች፤ በጣም የተጎዳ ጥርስ ላይ ደግሞ ሽፋኑ እንደ ሌላው ላይይዝ ይችላል። ስለዚህ ስትመዘገቡ ልጁ የት አካባቢ እንዳደገ ንገሩን። የምንጠይቀው ለዚህ ነው፤ ለሌላ አይደለም።

ቀደም ሲል ቶሎ ይሳሳል ብለን ስላለፍነው ግላስ አዮኖመርም አንድ ነገር። ደካማ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ምራቅን ከሬዚን ይልቅ ይታገሣል፤ ፍሎራይድም ይለቃል፤ በጣት ተጭኖ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ጥርስ የማከም ዘዴ ሲጀመር፣ በኋላ የዘዴው ዋና መሣሪያ የሆነው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ላዩ ቶሎ ቢጠፋም ስንጥቁ ታች ቅሪቱ ብዙ ጊዜ ይገኛል። መንጋጋው ገና ግማሹ ለወጣ፣ አፉን ለማድረቅ ለማይቻል ልጅ ለጊዜው እሱ ይሻላል፤ ጥርሱ ሙሉ ሲወጣ ሬዚኑ ይተካዋል። የትኛው ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን ባለሙያዋ ትወስን፤ ዋጋው አነሰ ብለን እኛ አንወስንላትም።

አሁን የምናቀርበው ሐሳብ። ከክሊኒኩ ጋር የምንገባው ውል እንደ ግንባታ ሥራ ውል ይሁን እንላለን። ግንበኛው ቤቱን አስረክቦ ሲሄድ ከክፍያው ከፊሉ ተይዞ ይቆያል፤ ክረምት አልፎ ጣሪያው አለማፍሰሱ ሲታይ ይለቀቃል። እዚህም የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ከ6 ወሩ ምርመራ በኋላ ይሁን። በብሩሽ የሚመጣው እርጅና በ6 ወር ውስጥ ሽፋን አይጥልም፤ በ6 ወር ውስጥ ሙሉውን የወደቀ ሽፋን በአመዛኙ ሲሠራ ያልያዘ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመለስ። ያነጋገርናቸው ባለሙያዎች ይህን አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ረዳት እስካለ ድረስ ይሁን ብለዋል። ሌላው፣ ግልጽ የሆነው ሳይሆን ነጩ ሲላንት እንዲሆን እንጠይቃለን። ግልጹ ጥርስ ላይ አይለይም። ነጩ ግን አፍ ከፍቶ በእጅ ስልክ መብራት ለሚያይ ሰው ሁሉ ይታያል፤ እናት በቤቷ ልታየው ትችላለች። የማይታይ ነገር ደግሞ እኛ ኦዲት ማድረግ አንችልም።

ስለ ምዝገባው ብዙ እናቶች የጠየቃችሁን እዚሁ እንመልስ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ የሚወጣው በ6 ዓመት አካባቢ ነው፤ የሚወጣውም ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ ነው። የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል ብዙዎቻችን የወተት ጥርስ እየመሰለን «ይወልቃል» ብለን እንተወዋለን። አይወልቅም፤ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሚያኝክበት ነው። ሁለተኛው በ12 ዓመት አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 እና ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ይቀድማሉ። በዕለቱ ልጆቹ ቁርስ በልተው፣ ጥርሳቸውን ቦርሸው ይምጡ። ማታም ይቦርሹ፤ በማግሥቱም። መዝገቡ በየቡድኑ ጸሐፊ እጅ ነው፤ የልጁን ስም፣ ዕድሜና ያደገበትን አካባቢ አስጽፉ። የበጀቱን መስመር ከሻይ ዕረፍት በኋላ በእጅ ብልጫ ስለምንወስን፣ ጥያቄ ያላችሁ አሁኑኑ እጃችሁን አውጡ።